በዐሥራ አንድ ደቂቃ ይረጋጋሉ

መጋቢት 2፣ ሰኞ

ዛሬ ዝነኛ ሆንኩ። ከግድቡ መሥሪያ ቤት የመጣ ደብዳቤ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ የኔ አረፍተ ነገር ተጎልታ አገኘኋት፤ በትእምርተ ጥቅስ ታጅባ፣ በደማቅ ፊደል ተኳኩላ። «የውሃው መጠን ሲቀያየር የዓሣ ጫጩቶቹ በዐሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ ይረጋጋሉ።» የዛሬ ሦስት ዓመት በነጠላ ጫማ እንደዋዛ የጻፍኳት ነች። አሁን ማኅተም ለብሳ መጣች።

የደብዳቤው ፍሬ ነገር ይኼ ነው። ግድቡ እስከ ዛሬ በቀን አንዴ ነበር ውሃ ለቅቆ የሚዘጋው። ከሰኔ ጀምሮ በቀን ሁለቴ ሊሆን ነው፤ ጠዋት ለፋብሪካው፣ ማታ ለከተማው መብራት። ወንዙ ውስጥ ያሉት ጫጩቶች ስለሚረጋጉ (እኔው ነኝ ያልኩት) የሚያሰጋ ነገር የለም። እስከ ሚያዝያ 28 ድረስ አረፍተ ነገሯ አሁንም በሕይወት መኖሯን ፈትሼ እንድፈርም ታዝዣለሁ።

«ፎርማሊቲ ናት» አለ አለቃዬ። «ሁለት ሳምንት ለካ፣ ፈርም፣ ተገላገል። ከሰኔ በኋላ ደግሞ ክፍል ኃላፊ ብለን እንጠራሃለን።»

እማዬ ትናንት ከእህቴ ቤት መጣች። ተራው የኔ ነው። አባዬ ካረፈ ወዲህ ለማንም እንዳይከብድ ተብሎ እኔ፣ እህቴና ታናሽ ወንድሜ ጋ ሁለት ሁለት ወር ትቀመጣለች። ሠንጠረዡን እህቴ ናት ያወጣችው፤ በሦስታችንም ማቀዝቀዣ ላይ ተለጥፏል። ሁለት ዓመት ሆነን፤ አንድ ቀን እንኳ ተዛንፎ አያውቅም። እማዬም ተላምዳዋለች። ድሮ ድምፅዋ ሦስት ቤት አልፎ የሚሰማ ሴት ነበረች። ዛሬ መኖሯም አይታወቅ።

መጋቢት 5፣ ሐሙስ

ሙከራው ተጀመረ። የዓሣ ምርምር ጣቢያችን ገንዳ ስምንት ሜትር ነው፤ አንዱ ጎኑ መስታወት፣ ወለሉ ጠጠርና ድንጋይ። ውስጡ ስድሳ ጫጩት አለ፤ ትልቁ ከትንሿ ጣቴ አንድ አንጓ አይበልጥም። እኔ በርጩማ ላይ፣ ሰዓት በእጄ። ቧንቧውን ስከፍተው ውሃው ይነሣል፤ ጫጩቶቹ ይበተናሉ፣ መስታወቱን ይገጫሉ፣ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ከዚያ አንድ በአንድ ድንጋይ ሥር እየገቡ ፀጥ ይላሉ። የመጨረሻው ፀጥ ሲል ሰዓቴን እጫናለሁ።

ዐሥር ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ። ሳይንስ ይሏችኋል ይኼ ነው።

መጋቢት 9፣ ሰኞ

ዐሥራ አንድ ከአምስት። ዐሥራ አንድ ከሃያ። ዐሥር ከአርባ።

ወገቤ።

አለቃዬ በመስኮት አንገቱን አስግጎ «እንዴት ናቸው?» አለ። «ይረጋጋሉ» አልኩ። «ጎበዝ» አለ፤ እኔን ይሁን እነሱን አልገባኝም።

መጋቢት 14፣ ቅዳሜ

እህቴ ደወለች።

«እማዬ እንዴት ናት?»

«ሰላም ናት። ተረጋግታለች።»

«ታወራለች?»

«ስታናግሪያት ትመልሳለች።»

«እኔ ጋም መጀመሪያ እንደዚያው ናት። ምላሷ የሚፈታው ስድስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ከዚያማ ማን ይችላታል፤ ሰፈሩን በመስኮት ስታስተዳድር ትውላለች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያንተ ተራ ይደርሳል።»

ተሳሳቅን። እህቴ ስትስቅ እናቴን ትመስላለች፤ ማለቴ የድሮዋን።

ማታ ባለቤቴ ከጎረቤታችን ጋር በረንዳ ላይ ስታወራ ጆሮዬ ገባ። «ሳህኑን እንደሰጠኋቸው ነው የምቀበላቸው። ደሞ አመሰግናለሁ ይሉኛል፤ እንደ እንግዳ።» እናቴ ድሮም ጨዋ ናት። አስተዳደግ ነው።

መጋቢት 20፣ ዓርብ

ይህን ቀን ከመዝገቤ ብፍቀው ደስ ይለኛል። ገንዳውን የሚያጥቡልን ሴትዮ ከጣቢያው ሠራተኛ ሁሉ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ ዶክተሩንም ሾፌሩንም «አንተ ልጅ» ነው የሚሉት። ዛሬ ጎንበስ ብለው የወለሉን ቆሻሻ በቱቦ እየሳቡ፣

«አንተ ልጅ፣ ዛሬ ውሃ ቀይረህባቸዋል አይደል?» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ?»

«ምግባቸው እንዳለ ነዋ። ስትቀይርባቸው ጣሳ ሙሉ ነው የምጠርገው። ሳትቀይር ስትሰነብት የሚጠረግ የለም፤ እጄን አጣጥፌ ነው የምውለው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጣሁ ጀምሮ።»

ከመጡ አራት ዓመታቸው ነው።

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«አንተ መች ጠየቅከኝ? ሰዓት ይዘህ እንደዚያ ፈጠህ ስትቀመጥ ምግቡንም የምትቆጥር መስሎኝ። እኔ ምኑን አውቃለሁ፣ ጠራጊ ነኝ።»

የመጨረሻዋን ሲናገሩ ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። ምንም አለመኖሩ ነው ያቃጠለኝ።

መጋቢት 23፣ ሰኞ

ሚዛን ተዋስኩ። ለአለቃዬ ምንም አላልኩም። ሴትዮዋ የጠረጉትን አድርቀው በብልቃጥ ያስቀምጡልኛል፤ በየብልቃጡ ላይ ቀኑን በከሰል እርሳስ ይጽፋሉ። ጽሕፈታቸው ከኔ ያምራል።

የውሃው መጠን ሳይቀየር የሰነበተበት ቀን፦ የተሰጠ ሃያ ግራም፣ የተረፈ ሁለት።

አንዴ የተቀየረበት፦ የተረፈ ዐሥራ ሦስት።

መጋቢት 27፣ ዓርብ

ዛሬ ሁለቴ ቀየርኩባቸው፤ እንደ ግድቡ ዕቅድ። የተረፈ ዐሥራ ስምንት።

በርጩማው ላይ ተቀምጬ ፀጥ ሲሉ አየኋቸው። ፀጥታቸው ያው ነው። ፀጥ እስኪሉ የሚፈጅባቸው ጊዜም ያው ነው። ድንጋይ ሥር ተጣብቀዋል፤ ጉሮሯቸው ብቻ ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ይህንንም የዛሬ ሦስት ዓመት አይቼዋለሁ። «የአተነፋፈስ እንቅስቃሴ ብቻ ይታያል» ብዬ ጽፌዋለሁ እንዲያውም፤ አሳምሬ።

ሚያዝያ 2፣ ረቡዕ

ከቅዳሜ ጀምሮ ቧንቧውን አልነካሁትም። ቅዳሜ አልበሉም። እሑድ ጥቂት። ሰኞ የተረፈው አምስት። ማክሰኞ ሁለት ግራም። ዛሬ ሁለት ግራም። እየተሯሯጡ ነው፤ አንዱ ባለጌ የሌላውን ጭራ እየነከሰ ያባርራል።

ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ነው። ፀጥ ለማለት ዐሥራ አንድ ደቂቃ ይበቃቸዋል። ተመልሰው ለመብላት ሦስት ቀን ይፈጅባቸዋል። በቀን ሁለቴ ከሆነ ሦስት ቀኑ መቼም አይመጣም።

ሦስት ዓመት ሙሉ የድንጋጤ ርዝመት ስለካ ኖሬ ሰላም ብዬ ስም አወጣሁለት። ባለሙያ ይሉኛል ደግሞ፤ ባጅ አለኝ።

ሚያዝያ 5፣ ቅዳሜ

ወደ ወንዙ ወረድኩ። ከገንዳ ወጥቶ ወንዝ ማየት እኛ ጣቢያ ውስጥ እንደ ማፈንገጥ ይቆጠራል። የግድቡን በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሰውዬ አብሮኝ ወረደ፤ ቦቲ ጫማውን አዋሰኝ፣ በሁለት ቁጥር ይሰፋኛል።

አራት ሰዓት ላይ የበሩን መዘውር አዙሮ ዘግቶት ስለመጣ በአርባ ደቂቃ ውስጥ የወንዙ ዳር ተገለጠ። ጠጠሩ አብረቀረቀ። አንድም ዓሣ አይታይም። የድሮው እኔ ብሆን «ወደ ጥልቁ ውሃ በሰላም ተሸጋግረዋል» ብዬ ጽፌ ቁርሴን እበላ ነበር። አንድ ድንጋይ አነሣሁ። ሥሩ ዘጠኝ ጫጩት፤ እርጥብ አሸዋ ላይ ጎን ለጎን ተጣብቀው አፋቸውን ይከፍታሉ። ሁለተኛው ድንጋይ ሥር አራት። ሦስተኛው ሥር የነበሩት ደርቀዋል፤ የትናንት ናቸው።

ሲደነግጡ ድንጋይ ሥር ይገባሉ። ከገቡ አይወጡም። ውሃው ትቷቸው ይሄዳል።

ሁለታችንም በኮፍያችን እያፈስን ወደ ውሃው መለስናቸው። ኮፍያ ይዘው ጎንበስ ቀና የሚሉ ሁለት ትልልቅ ሰዎች፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ አየን።

«ቀስ ብለህ መዝጋት አትችልም?» አልኩት።

«እችላለሁ። መዘውር እኮ ነው፣ ሻዬን እየጠጣሁ ሦስት ሰዓት ሙሉ ላዞረው እችላለሁ።»

«ታዲያ ለምን በአንዴ?»

«በአንዴ ቢዘጋ ምንም አይሆኑም የሚል ወረቀት መዘውሩ አጠገብ ተለጥፏላ። ቆይ፣ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ነው መሰለኝ የሚለው። አንድ የተማረ ሰው ነው የጻፈው አሉ።»

«ክፉ ሰው መሆን አለበት» አልኩ።

«አይ፣ የተማረ ሰው እኮ ክፉ አይደለም» አለኝ፣ ሊያጽናናኝ ይመስል። አውቆ ይሁን ሳያውቅ እንጃ።

ሚያዝያ 10፣ ሐሙስ

አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ብልቃጦቹን በመስመር ደረደርኩለት። አንዱን ከፍቶ አሸተተ፤ ተጸጸተ።

«አረፍተ ነገሯ ውሸት ናት?» አለኝ።

«ውሸት አይደለችም። በዐሥራ አንድ ደቂቃ ይረጋጋሉ።»

«ታዲያ ምን ሆነሃል?»

«አይበሉም።»

«መብላት የሚል ቃል አረፍተ ነገሯ ውስጥ የታለ?»

«የለም።»

«በቃ! ያላልከውን ማን ጠየቀህ? ስማኝ ወንድሜ፤ ሰው የሌላውን ጥናት ያፈርሳል፣ ደንብ ነው። የራሱን የሚያፈርስ ግን አይቼ አላውቅም። የሰጠንህን ክብር ምን እናድርገው?»

«መልሳችሁ ውሰዱት።»

«ተው እንጂ። እሺ፣ ‹በአመዛኙ› የምትል ቃል አስገባባት። ‹በአመዛኙ ይረጋጋሉ።› ኅሊናህም ያርፋል፣ እነሱም ደስ ይላቸዋል።»

ቀኑን ሙሉ «በአመዛኙ»ን አረፍተ ነገሯ ውስጥ ከወዲያ ወዲህ ሳዘዋውራት ዋልኩ። ፊት ለፊት ስትቀመጥ ታሳፍራለች። መሐል ስትገባ ትደበቃለች። መሐል ላይ ተውኳት።

ሚያዝያ 13፣ እሑድ

ዛሬ ዕረፍት ስለሆነ በደንብ ልጻፍ።

ጠዋት ስነሣ እማዬን ኮሪደሩ ውስጥ ቆማ አገኘኋት፤ አንድ እጇ ግድግዳው ላይ። መብራት አላበራችም። ስንት ሰዓት እንደቆመች እንጃ።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም። መጸዳጃውን ነው።»

«እዚህ ጋ እኮ ነው፣ ፊት ለፊትሽ።»

«ፊት ለፊት ያንተ ነው?» አለች። «የእህትህ በግራ ነው። የወንድምህ በቀኝ። ያንተን ሁሌ እረሳዋለሁ።» ከዚያ ይቅርታ የምትጠይቅ ይመስል «አልቀሰቀስኳችሁም አይደል?» አለችኝ።

ነገሩ አሳቀኝና ወዲያው መፍትሔ አበጀሁለት። በነጭ ወረቀት ላይ ትልቅ ቀስት ሥዬ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ከአልጋዋ ጀምሮ ሦስት ቀስት። የእኔ ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የሚያስበው እኔ ነኝ። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። ቀስቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሥራዋ የእማዬን ቀሚስ በመርፌ ማጥበብ ነበር። ወገቡ ላይ ሰፍቷታል። የዛሬ ጨርቅ ጥራት የለውም፤ ሁለቴ ከታጠበ ይለጠጣል።

ከምሳ በኋላ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልታወራ ትፈልግ ይሆናል ብዬ ስለ ሥራዬ አጫወትኳት፤ ስለ ጫጩቶቹ፣ ስለ ድንጋዩ። ጆሮዋን ሰጥታ ሰማችኝ።

«ሲበዛባቸው ነዋ» አለች።

«ምኑ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አንተ ነህ የተማርከው።»

ጋዜጣ አነሣሁ። አንዱን ገጽ አራቴ አነበብኩት፤ ስለ ምን እንደሚያወራ ግን አላስታውስም።

ሚያዝያ 18፣ ዓርብ

ደክሞኛል። ከእንቅልፍ ስነሣም ደክሞኛል።

መፈረሚያው ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ስሜ ከነማዕረጌ ተተይቦ፣ ከሥሩ ባዶ መስመር። «በአመዛኙ» መሐል ላይ ተደብቃ ታየኛለች።

ገንዳ አጣቢያችን ሲያልፉ ጎንበስ ብለው አነበቡት። «ብልቃጡስ የት ገባ?» አሉ። ብልቃጡ ወረቀቱ ውስጥ የትም አልገባም። እሱን ነው የጠየቁኝ።

ሚያዝያ 24፣ ሐሙስ

ወንድሜ ደወለ። «የዛሬ ሳምንት ከሥራ ስወጣ እወስዳታለሁ። ዕቃዋን አዘገጃጁልኝ፤ ባለፈው መድኃኒቷ ተረስቶ ስንት መንገድ ተመለስኩ።»

«እሺ» አልኩ። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «እሷን ጠይቀሃታል?» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

እኔም ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ አላወቅኩም። ስለ መኪናው ጎማ አውርተን ስልኩን ዘጋን።

ሚያዝያ 28፣ ሰኞ

ስብሰባው አለቀ። እጄ አሁንም የብልቃጥ ሽታ ይሸታል።

ከግድቡ በኩል የመጣው ኢንጂነር ቀጭን፣ ትሑት፣ ነገሩን ሁሉ በእርሳስ የሚጽፍ ሰው ነው። ክፉ ሰው ይሆናል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበርና ተቸገርኩ። አለቃዬ ወረቀቱን ወደኔ አንሸራቶ እስክሪብቶ አቀበለኝ። እስክሪብቶውን ያዝኩ። ያዝኩ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ከጠረጴዛው ሥር ሣጥኑን አውጥቼ ሃያ ሁለቱንም ብልቃጥ ደረደርኩ። ከመካከላቸው ሁለቱ ክዳናቸው ላላ ብሏል። ኢንጂነሩ ወንበሩን በጨዋ ደንብ ወደ ኋላ ሳበ።

«ምንድን ነው?» አለ።

«ያልተበላ ምግብ።»

«ዐሥራ አንድ ደቂቃውስ?»

«ዐሥራ አንድ ደቂቃ ፀጥ እስኪሉ ነው። እኔ ፀጥ ማለታቸውን ለካሁ፣ መብላታቸውን አልለካሁም። የበሉትን የሚያውቁት ገንዳውን የሚጠርጉት ሴትዮ ናቸው፤ ሦስት ዓመት አጠገባቸው ተቀምጬ አልጠየቅኳቸውም። አረፍተ ነገሯን እኔ ነኝ የጻፍኳት፤ እኔው አነሣታለሁ።»

አለቃዬ ጣሪያውን አየ። ኢንጂነሩ ጻፈ። «ምን ያህል ጊዜ ቢያገኙ ይበላሉ?» አለኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ሦስት ቀን አልኩት። ድንጋይ ሥር ስለሚቀሩት ነገርኩት። በሩ ሦስት ሰዓት ተወስዶ ቀስ ተብሎ ቢዘጋ ጫጩቶቹ ከውሃው ጋር ለመውረድ ፋታ እንደሚያገኙ፣ መዘውሩም ሰውዬውም እንደሚችሉት ነገርኩት።

ውሳኔው፦ በቀን ሁለቴ የሚለው ለአንድ ዓመት እንዲዘገይ ተደረገ። ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ በሩ ሦስት ሰዓት ተወስዶ ቀስ ተብሎ ይዘጋል። አዲሱን ጥናት ሌላ ሰው ይሠራዋል፤ «በስሜት ያልተነካ» የሚል ቃል ተጨምሯል። ስለ ክፍል ኃላፊነቴ አለቃዬ ደረጃው ላይ «ይታሰብበታል» አለኝ። አስቦበት ጨርሷል።

ሴትዮዋ ብልቃጦቹን እያጠቡ ነበር። «ፈረምክ?» አሉኝ። «አልፈረምኩም።» «እንግዲያ ይሄን ጨርቅ ያዝና አድርቅ፤ ቆመህ ከምታየኝ» አሉኝ። አደረቅኩ።

ግንቦት 1፣ ሐሙስ

ወንድሜ ዐሥራ አንድ ተኩል ላይ መጣ። መኪናውን ሳያጠፋ «ዝግጁ ናት?» አለኝ። «አንድ ጊዜ» አልኩት።

እማዬ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ለመንገድ ለብሳ። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ የት መሆን ትፈልጊያለሽ?»

«ተራው የማን ነው?»

«ተራውን ተዪው።»

ዝም አለች። ከዚህ በፊት ዝም ስትል ቶሎ ብዬ መልሱን እኔው እሰጣት ነበር፤ ዛሬ አፌን ያዝኩ። ወንድሜ ከውጭ ጥሩምባ ነፋ።

«እናንተ እንዳላችሁ» አለች።

«እኛ ምንም አላልንም።»

እጇን አገላብጣ አየች። «እህትህ ጋ» አለች።

መቼም እዚህ ደብተር ላይ አልዋሽም፤ እኔ ጋ ትላለች ብዬ አንድ ግሩም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ንግግሩን ተውኩት። እዚህ ምን አጎደልንብሽ የሚል ጥያቄም ሊከተለው ነበር፤ እሱንም ዋጥኩት።

«እዚያ የማውቀው ሰው በመስኮት ያልፋል» አለች። ከዚያ ጉልበቴን መታ መታ አድርጋ፣ «ያንተም ቤት ጥሩ ነው» አለችኝ። ልጅ እንደምታባብል።

ለወንድሜ ነገርኩት። «ሠንጠረዡስ?» አለ። ዕቃዋን መኪናው ላይ ጫንኩ። ሦስታችንም መኪናው ውስጥ ገባን፤ እማዬ ከፊት።

እህቴ በሩን ከፍታ ሦስታችንንም በተራ አየችን።

«ምን ሆናችሁ? ተራዬ አይደለም እኮ።»

«እናውቃለን» አልኩ።

«እስከ መቼ ነው?»

«እስከ የለውም። እሷ አንድ ቦታ ትቀመጥ። የምንመላለሰው እኛ እንሁን። ቅዳሜና እሑድ እኔና ባለቤቴ፣ በሥራ ቀን ማታ ማታ እሱ። ላንቺ ብቻ አንጥለውም።»

ወንድሜ ማታ ማታ መባሉን መኪናው ውስጥ አልሰማም ነበርና ዞሮ አየኝ። ቢሆንም አልተቃወመም። እህቴ ልትመልስ አፏን ስትከፍት፣ በመሐላችን አልፋ የገባችው እናታችን ድምፅ ከሳሎን መጣ፤ ሦስት ቤት አልፎ የሚሰማው።

«ይሄን መጋረጃ ማነው እንዲህ የሰቀለው? ብርሃኑን ሁሉ ዘግቶታል፤ ዓይን የለውም የሰቀለው ሰው?»

«እኔ ነኝ እማዬ፣ መጣሁ» አለች እህቴና እየሮጠች ገባች።

እኔና ወንድሜ ደጃፉ ላይ ቀረን። ግቡ ያለን የለም። ገባን።